«እናድሰው» የሚባል በሽታ

«የጎንደር ዘመን በገና ነው» ብሎ ጭስ የጠገበ ዕቃ የሚያቀርብላችሁ ነጋዴ ባሕር ዳር ላይ ቢያጋጥማችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፤ ምሰሶው ከምን እንጨት ተጠረበ? ባሕር ዛፍ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ባሕር ዛፍ እኮ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የአፄ ፋሲል ጠራቢዎች ከየት ያመጡታል?

በነጋዴው ላይ መቆጣት ቀላል ነው። የከፋው ግን በቅን ልቦና የሚፈጸመው ጥፋት ነው። በአንድ የጣና ገዳም ዕቃ ቤት አሮጌ በገና ተገኘ እንበል። ቆዳው ተሰንጥቋል፤ አውታሩ ተበጥሷል። «ለበዓሉ እናድሰው» ይባላል። ቆዳው ይገፈፋል፣ የበግ አንጀቱ ተጥሎ ናይለን ይታሰራል፣ እንጨቱ ቫርኒሽ ይቀባል። በማግስቱ በገናው ይደረደራል። የቆዳው ውፍረት፣ የአውታሩ ቅጥነት፣ በርኩማው የቆመበት ምልክት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፍቷል።

በገና ደግሞ ረቂቅ ነው። ያ የሚነዝረው ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራ ነው። እሷ ጥቂት ስትሸሽ ድምፁ ይለወጣል። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የብራና ሠዓሊ ቅዱስ ዳዊትን ከነበገናው ቢያቆይልንም የገበቴውን ውፍረት አልነገረንም። ያንን የሚያውቀው ዕቃው ራሱ ነው።

ፈረንጆቹ ይህን የተማሩት በኪሳራ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ላውክስ ማለር ቦሎኛ ላይ የሠራቸው ሉት የሚባሉ ባለ ክር መሣሪያዎች ተወዳጅ ስለነበሩ፣ የኋላ ባለቤቶች አንገታቸውን እየቀየሩ አውታር ጨመሩባቸው። ዛሬ የተረፉት ጥቂቶች ከመጀመሪያ መልካቸው ርቀዋል። ስለዚህ የዛሬው ባለሙያ ሙዚየም ገብቶ ይለካል፣ ይነድፋል፣ አምሳያውን ይሠራል፤ ዋናውን አይነካም።

«በገና የመንፈስ ነው፤ በሚሊሜትር አይለካም» የሚሉ አሉ። ጸሎቱስ አይለካም፤ እንጨቱ ግን ይለካል። መጀመሪያ የጠረበውም ሰው በዓይኑ ይሁን በስንዝሩ ለክቶ ነው። «መምህራን አሉልን» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ዓለሙ አጋን የመሰሉ መምህራን ድርደራውን ለትውልድ አስተላልፈዋል። ግን የደርዳሪ ጣት የጠራቢን መጥረቢያ አይተካም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ፤ ከዚያ ይጀመር። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ከገዳማቱ አባቶች ጋር ይምከር። እንጨቱ ይለይ፣ ልኩ ይመዝገብ፣ ንድፉ ለከተማው ጠራቢ ይሰጥ። በዐቢይ ጾም አምሳያው ይደርደር፤ አሮጌው በዕቃ ቤቱ ይረፍ። የጠራቢው እጅ የተወው ምልክት እዚያ እንዳለ እስከቆየ ድረስ፣ ስንሳሳት ተመልሰን የምንጠይቀው አለን።