የመስቃን ደጃፎችና የሊቃውንት መዝገብ

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ ናቸው) በ1986 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና መምህራን፣ ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ተስማምተው፣ በቡታጅራ ዙሪያ በያኔው መስቃንና ማረቆ ወረዳ ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችንና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጠው፣ የሕዝቡን ልደትና ሞት፣ ጋብቻና ፍልሰት ይመዘግቡ ጀመር። አብዛኛው የገጠር ሰው ሲወለድም ሆነ ሲሞት በመንግሥት መዝገብ የማይሰፍርበት ዘመን ነበርና፣ ሥራው ለብዙ ቤተሰብ ስሙ በወረቀት ላይ የተጻፈበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ሳይሆን አልቀረም።

ከዚህ መዝገብ ብዙ ድርሳናት ተጽፈዋል፤ ደስታ ሻሜቦ፣ አታላይ ዓለምና የማነ ብርሃነን የመሳሰሉ ሊቃውንትም የዶክትሬት ጥናታቸውን ከዚሁ አውጥተው በኡሜኦ አቅርበዋል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። መዝጋቢዎቹ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ የአገሩ ልጆች ነበሩ። በክረምት ጭቃ ከአንዱ የእንሰት ጓሮ ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ የመጣ አለ ወይ፣ የሄደስ፣ የወለደችስ እያሉ ይጠይቃሉ፤ ሐዘን ከገባበት ቤት ገብቶ ሟቹ ስንት ቀን ተኛ፣ ያተኩሰው ነበር ወይ፣ ያስለውስ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ትሕትናና ድፍረት እንደሚሻ ለቅሶ ደርሶ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የአእምሮ ሕሙማንን ለመለየት በተጀመረው ጥናት ደግሞ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ሲጠየቁ፣ ከአንድ ዓለም አቀፍ መጠይቅ ጎን ለጎን መንደሩን የሚያውቁ የአገር ሰዎች በየሰፈራቸው ያለውን ሕመምተኛ እንዲጠቁሙ ተደረገ፤ መጠይቁ ያለፋቸውንም እነዚህ ሰዎች አገኟቸው። ከቤት የማይወጣውን፣ የማይናገረውን፣ ወይም ተጠይቆ የማይመልሰውን ድውይ፣ በሌላ አገር ተሰናድቶ የተተረጎመ ወረቀት እንዴት ያገኘዋል? ጎረቤት ግን ያውቀዋል። እንግዲህ የአገሩ ሰው ዕውቀት ራሱ የምርምሩ ስልት አካል ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቱን «መረጃ ሰጪ» ብቻ ብሎ ማለፍ ለእኔ ፍትሐዊ መስሎ አይታየኝም።

ከተለዩት ሕሙማን 919ኙን ለዐሥር ዓመት የተከታተለው ጥናት 121ዱ መሞታቸውን ገለጠ፤ ይህም ከሌላው ሕዝብ የሞት መጠን እጥፍ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር። በአእምሮ የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይታከም የሚሞተው ጤና ጣቢያ ሊያድነው በሚችል ደዌ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከሊቁ ይልቅ በጤና ጣቢያው በር ላይ ወደ ተቀመጠችው ነርስ የሚያዘነብል ነው። ከጥናቱ ጋር ተያይዞ በቡታጅራ ሆስፒታል በነርሶች የሚመራ የአእምሮ ሕክምና ክፍል መከፈቱ፣ በኋላም በጎረቤቱ ሶዶ ወረዳ ሕክምናው ወደየጤና ጣቢያው እንዲወርድ መደረጉ፣ ዩኒቨርሲቲና የሙያ ሰው በአንድነት ሲሠሩ የሚገኘውን ፍሬ ያሳያል።

የሁሉም ጥናት ዕጣ እንዲህ አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ በዚሁ አካባቢ ባል ወይም ወዳጅ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በዘመናቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከእርሱ እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ይህን አኃዝ በድርጅቱ መቀመጫ በጄኔቫ ብዙዎች ያውቁት ይሆናል፤ ግን ከተጠየቁት ሴቶች ስንቶቹ፣ ከወረዳው ፖሊሶችና ዳኞችስ ስንቶቹ ሰምተውታል? ድርሳኑ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የቀበሌው ዕድር ሰብሳቢ ደግሞ የሚያነበው አማርኛ ነው።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የጥናት ፈቃድ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ጉባኤዎች፣ በአካባቢው ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ ጥያቄው ሲቀረጽ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተገኝተው እንደ ሆነ ይመርምሩ፤ በበጀቱ ውስጥ ውጤቱን በአገሩ ቋንቋ ለተጠያቂዎቹ የማድረሻ ገንዘብ መያዙን ይዩ፤ ከሁሉም በላይ የውጭው ርዳታ ሲያበቃ የተጀመረውን ሕክምና፣ ነርሷንና መድኃኒቱን ማን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ ተጽፎ ካላገኙ አይፈርሙ።