ጥቅሱን ማን መረጠው?

የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ ቤተሰብ ጸሎት ነው። ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

የ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 5.4 ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። የበኩር ልጄ ከእነርሱ ውስጥ አልነበረም። ቁጥሩን አይቼ ልጄን ማጽናናት ሲገባኝ ተቆጣሁት። የተቆጣሁት ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ማታ ማታ ለጸሎት ስንሰበሰብ ምንባቡን የምመርጠው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ታካች ሰው ከገብረ ጉንዳን እንዲማር የሚመክረውን ምሳሌ ምዕራፍ 6ን አነበብኩ፤ በማግስቱ መክሊቱን ስለ ቀበረው ባሪያ። የልጄን ስም አንድም ቀን አልጠራሁም፤ ለማን እንደሚነበብ ግን ትንሿ እህቱ እንኳ ታውቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ “ራሴን አሞኛል” እያለ ከጸሎት መቅረት ጀመረ።

ጥቅምት ላይ ሁለታችን እናቴን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ዱቦ ወረድን። ዱቦ በወላይታ፣ አረካ ከተማ አጠገብ ያለች፣ ስሟ ከካቶሊክ ሚሲዮኑና ከሆስፒታሉ ጋር አብሮ የሚነሣ ቦታ ናት። መንገዱን ሙሉ አሥር ቃል አልተነጋገርንም።

የእናቴ ዓይን ደክሟል። የየዕለቱን ምንባብ የሚያሳየው የቤተክርስቲያን መቁጠሪያ ግን ዛሬም ከግድግዳዋ አልወረደም፤ ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ልጅ ጠርታ ታስነብባለች። በማግስቱ የቡና ቅጠሉ ፈልቶ ሲቀርብ የልጅ ልጇን “ና ልጄ፣ የዛሬውን አንብብልኝ” አለችው። ቀኑ ረቡዕ፣ ጥቅምት 20 ነበር። ምንባቡ የኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6፣ ከቁጥር 1 እስከ 9።

ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ የሚናገረውን ሲያነብ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። “ይኸው፣ አያቱ ቤትም አገኘው” አልኩ በሆዴ። ቁጥር 4 ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ዝቅ አለ። እዚያ የሚታዘዙት አባቶች ናቸው፤ ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ። ማንም አልተናገረም። እናቴ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና በወላይትኛ አጭር ጸሎት አደረገች። ስለ ፈተናው አላነሣችም። ልጇና የልጅ ልጇ በአንድ ጣሪያ ሥር ስላደሩ አመሰገነች፤ አበቃ።

ያን ምንባብ እኔ መርጬው ቢሆን ኖሮ ቁጥር 3 ላይ አቆም ነበር።

የዕለት ምንባብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የምናነበውን ራሳችን ስንመርጥ፣ ብዙ ጊዜ ለሌላው ሰው የሚሆነውን እንመርጣለን። ምንባቡ አስቀድሞ ተወስኖ ሲጠብቀን ግን አንባቢውም ከሰሚዎቹ አንዱ ይሆናል። እናቴ በምትከተለው የላቲን ሥርዓት የሰንበት ምንባቦች በ3 ዓመት ይዞራሉ፤ በአዘቦት ቀናት የመጀመሪያው ምንባብ በ2 ዓመት፣ ወንጌሉ ግን በየዓመቱ ይመለሳል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ግጻዌ የዕለቱን ምንባብ ያመለክታል። ዳዊቱም ለየቀኑ የተከፈለ ነው፦ የሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ የማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ይደርሳል። ወንጌላውያን ቤተሰቦችም የ66ቱን መጻሕፍት 1,189 ምዕራፎች በቀን ሦስት፣ አንዳንዴም አራት እያደረጉ በዓመት ይጨርሳሉ።

እናንተም በቤታችሁ መጀመር ብትፈልጉ፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጊጎ የተባለ መነኩሴ ያስቀመጣቸው አራት ደረጃዎች ይረዳሉ፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በመጨረሻም በእግዚአብሔር ፊት ዝም ብሎ መቆየት። ለቤተሰብ ሲሆን ሩብ ሰዓት ይበቃል። አንባቢው በየተራ ይሁን፤ ታናናሾቹም ይድረሳቸው። ከንባቡ በኋላ እያንዳንዱ “ይህ ለእኔ ምን ይለኛል?” ብሎ ራሱን ብቻ ይጠይቅ። “ይህ ለአንተ ነው” ማለት በዚያ ሩብ ሰዓት ክልክል ይሁን። ጸሎቱም ከተነበበው ይውጣ፤ ምንባቡ ምስጋና ከሆነ አመስግኑ፣ ተግሣጽ ከሆነ ይቅርታ ለምኑ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ቤት ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። “በጸሎት ስም ስሰድብህ ነበር” አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ መሬቱን ብቻ ያይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን እናቴ ሳትጠራው መጽሐፉን ይዞ አጠገቧ ተቀምጦ አገኘሁት። ዛሬ በቤታችን ረቡዕ ረቡዕ አንባቢው እሱ ነው። የትምህርቱ ነገር ገና አላለቀም፤ አሁን ግን እየተነጋገርን ነው።

የወሩ ጸሎት

ጌታ ሆይ፣ ቃልህን ስንከፍት ቀድሞ የእኛን ልብ ይንካ። ልጆቻችንን ከማረማችን በፊት እኛን አርመን። ዝም ያለውን ልጃችንን አናግርልን፤ እኛንም መስማት አስተምረን። አሜን።