ቀልዱን ያወቀ፣ ቃሉን ያላወቀ ትውልድ



በአሜሪካ በሚገኝ አንድ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ታዳጊዎችን እንዳስተምር ተጋብዤ ነበር። ክፍላችን 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 ነው። «ንጉሥ ሰሎሞን በየትኛው ፍርዱ ይታወቃል?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ልጅ ፈጥኖ እጁን አወጣ። «ሁለት ሰዎች በአንድ ፓይ ተጣሉ። ሰሎሞን ፓዩን ለሁለት ቆረጠው፤ ሰዎቹን ሞት ፈረደባቸው፤ ፓዩን ራሱ በላው።» ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። «እሺ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ያለውስ?» ስለው ግን ዝም አለ። አብረውት የሳቁትም ዝም አሉ። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ልጁ የነገረኝ «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው የካርቱን ኮሜዲ እ.ኤ.አ. በ1999 በምዕራባውያን የፋሲካ ዕለት ያሳየውን ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንቅልፍ ይወስደውና ስለ አዳም፣ ስለ ሙሴ፣ ስለ ሰሎሞንና ስለ ዳዊት ያልማል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመን አብዛኞቻችን የምንለው አንድ ነው፤ «የሰይጣን ሥራ ነው፣ ዝጉት!» ይህ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) በክርስቲያን ብሮድካስተሮች ጉባኤ ፊት የአሜሪካ ቤተሰብ ከሲምፕሰንስ ይልቅ «ዘ ዋልተንስ» የተባለውን የድሮ ድራማ ቤተሰብ እንዲመስል ተመኝተው ነበር። ፕሮግራሙ በቀናት ውስጥ በቀልድ መለሰላቸው። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፉ፤ ካርቱኑ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀጠለ። ቁጣችን ማንንም አላስተማረም።

ደግሞም እውነቱን እንናገር። በ1992 በታየ አንድ ክፍል ሆመር የተባለው አባት «ቤተ ክርስቲያን ምን ያደርግልኛል?» ብሎ እሑድ ቤቱ ይቀራል። ሲጋራ እያጨሰ ያንቀላፋና ቤቱ በእሳት ይያያዛል። ከእሳቱ የሚጎትተው ማን ነው? ሁልጊዜ የሚያፌዝበት አማኝ ጎረቤቱ ኔድ ፍላንደርስ ነው። በ1995 በታየ ሌላ ክፍል ደግሞ ልጁ ባርት ነፍሱን በአምስት ዶላር ይሸጣል፤ በመጨረሻም ጨንቆት ተንበርክኮ ይጸልያል። አምስት ዶላር! እኛ ነፍሳችንን ከዚያ ባነሰ የሸጥንባቸው ቀናት የሉም?

በዚያ ካርቱን ያለው ፓስተር ላቭጆይ ስብከቱ አሰልቺ ነው፤ ፍላንደርስ ምክር ፈልጎ ሲደውልለት ይሰለቸዋል። አንዳንድ አገልጋዮች «መንጋውን ሰደቡ» ይላሉ። እኔ ግን ሳየው የተቆጣሁት በደራሲዎቹ ላይ አይደለም። ስልኬ ሲጠራ ማን እንደሆነ አይቼ ያላነሳሁባቸውን ቀናት አስታወስኩ።

ማፌዝ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኤልያስን ምን ልናደርገው ነው? የበኣል ነቢያት ሲጮኹ «ምናልባት አምላካችሁ ተኝቶ ይሆናል» እያለ አላገጠባቸው (1ኛ ነገ. 18፥27)። ኢሳይያስም በግማሹ እንጨት እንጀራ ጋግሮ በቀረው ግማሽ ጣዖት ቀርጾ በሚሰግድ ሰው ተሳልቋል (ኢሳ. 44)።

ይህን ስል «ቀልድ ነው፣ ምን አለበት?» ከሚሉት ወገን ነኝ ማለቴ አይደለም። ፈረንጆች ፓሮዲ የሚሉት ቀልድ የታወቀን ሥራ እየኮረጀ የሚያስቅ ነው። የሚኖረው በብድር ነው። የሰሎሞን ፓይ የሚያስቀው «ሕፃኑን አትግደሉት፣ ለእርስዋ ስጧት» ብላ የለመነችውን እናት ለሚያውቅ ሰው ነው። እርስዋን ለማያውቅ ግን የቀረው አንድ ሆዳም ንጉሥ ብቻ ነው።

ይኸው ካርቱን «ሲቲዝን ኬን» የተባለውን የ1941 ፊልም በ1993 ኮርጆ ቀልዶበታል። ፊልሙን ያላየ ልጅ አንድ ሳቅ ቢያመልጠው ነው። የእግዚአብሔርን ቃል ሳያውቅ በቃሉ ላይ የተቀለደውን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ግን የሚያመልጠው ሕይወት ነው። አለማወቁ ያው አለማወቅ ነው፤ ኪሳራው ግን አይገናኝም።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ልጆቻችንን ማስተማር የካርቱን ደራሲዎች ሥራ አይደለም። ሙሴ በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ ለልጆችህ አስተምር ያለው (ዘዳ. 6፥7) እኛን ነው። እኛስ ምን አደረግን? አዋቂው ላይ ፎቅ ሦስት ሰዓት በአማርኛ ሲያመልክ ልጆቹን ምድር ቤት ከፒዛና ከፊልም ጋር አስቀመጥናቸው። አንድ ወጣት «ስብከቱ አይገባኝም፣ በእንግሊዝኛ ይሁንልን» ሲል «ቋንቋችን ይጠፋል» ብለን አፉን ዘጋነው።

አማርኛን እወዳለሁ፤ የምሰብክበትና የምጸልይበት ቋንቋ ነው። ነገር ግን ቃሉ ወደ እኛ እንዴት ደረሰ? አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ ዓመታት ፈጅቶ መጽሐፍ ቅዱስን በሕዝቡ ቋንቋ ስለ ተረጎመ ነው፤ ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ታተመ። ኦኔሲሞስ ነሲብም ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በ1899 ሙሉውን ለኦሮሞ ሕዝብ በቋንቋው አደረሰ። እኛ በሌሎች ድካም በሚገባን ቋንቋ ሰማን። ለገዛ ልጆቻችን ይህን መከልከል ምን የሚሉት መንፈሳዊነት ነው?

ወላጆች ሆይ፣ ቴሌቪዥኑን ብቻ አትዝጉ፤ መጽሐፉን ክፈቱ። ልጃችሁ ሲስቅ አጠገቡ ተቀመጡና «ይህ ከየት እንደ መጣ ታውቃለህ?» በሉት። በሚገባው ቋንቋ አብራችሁ አንብቡ። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ለልጆች አገልግሎት ከሁሉ የጎበዘውን አስተማሪ መድቡ እንጂ ሰው የተረፈበትን አትላኩ።

ክርስትናን በቀልድ ብቻ የምታውቁት ወገኖቼም ሆይ፣ ላቭጆይን አይታችሁ ኢየሱስን ያወቃችሁ አይምሰላችሁ። የማርቆስ ወንጌል አሥራ ስድስት ምዕራፍ ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። ዋናውን አንብቡና ከዚያ ፍረዱ።

ያን ቀን ማስታወሻዬን አጥፌ ታሪኩን በእንግሊዝኛ አነበብኩላቸው። ሰይፉ ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ ፓዩ የነገረኝ ልጅ «ቆይ፣ ሕፃኑ ተረፈ?» አለኝ። «ተረፈ» አልኩት። «ግን እናቱ ለሌላዋ ልትሰጠው ነበር እኮ!» አለ ተገርሞ።

አዎን፤ ልትሰጠው ነበር። እውነተኛይቱ እናት የታወቀችው «የእኔ ነው» በማለት አይደለም፤ ከእጅዋ ወጥቶም ቢሆን ይኑር በማለትዋ ነው። እኛስ ስለ ልጆቻችን ሕይወት «የእኛ» ከምንለው ነገር የቱን ለመልቀቅ ተዘጋጅተናል?

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።