ቴስታታ በቤት ስለማውረድ የማህበራችን አሳብ



መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው ይባላል። ዛሬ በየደጃችን የሚሰማው ግን የአሮጌ ፔዦ ጥገና ነው። በዚህም ምክንያት ሁለት ዓይነት አቤቱታ ይደርሰናል። ባለመኪኖቹ «ለጋራዥ የምንከፍለው የለንም፣ በቤታችን ብንሠራ ምን አለበት» ይላሉ። ጎረቤቶች ደሞ «መንገዱ ዘይት ሆነ፣ ልጆቻችን ቤንዚን ላይ ይጫወታሉ» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

እኛ የምንለው፣ ቴስታታ በቤት ማውረድ ነውር አይደለም። ፔዦ 404 ፈረንሳይ አገር በ1960 እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረ መኪና ነው፤ ከተማችን ውስጥ በታክሲነት ስንቱን ቤተሰብ አሳድጓል። ባጃጅ በበዛበት በዚህ ጊዜ ያን መኪና ይዞ የቀረ ሰው በእጁ ካልሠራ በምን ያኖረዋል?

ነገር ግን ሁሉም ሥራ የቤት ሥራ አይደለም። የዚህ ሞተር ቴስታታ አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። የደንገጎን ዳገት ሲወጣ የፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፉበት ቴስታታው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። የተጣመመውን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ጎድጓዳ ያበዛበታል እንጂ አያቀናውም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁማችሁ እዩት፤ ከሥሩ ብርሃን ካለፈ ወደ ሬቲፊካ ቤት ውሰዱት። ጓርኒሲዮን በየጊዜው ከመቀየር ይኸ ይረክሳል።

ደሞ የፔዦው ካሚቻ ውሃ መሃል የቆመ ነው። ቴስታታው ወርዶ ሳለ ሞተሩን ያዞረ ሰው ካሚቻውን ከቦታው ያነሳዋል፤ ከዚያ ውሃ ዘይት ውስጥ ይገባል። ቡሎን ሲጠብቅም ከመሃል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ እንጂ በጉልበት አይደለም።

ስለዚህ የምናሳስበው፦

አንደኛ፣ ሥራው በግቢ ውስጥ ይሁን። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከነጠባብ መንገዱ ነው። ሞተሩ የወረደ መኪና መተላለፊያ ላይ ከቆመ በሽተኛ በቃሬዛ በየት ይለፍ?

ሁለተኛ፣ ዕቃ በቤንዚን አይታጠብ፤ በነጭ ጋዝ ይሁን፣ እሱም ከእሳት ርቆ። የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ይጠራቀም እንጂ ቦይ ውስጥ አይደፋ።

ሦስተኛ፣ ማህበሩ ከመዋጮው ማጥበቂያ ልኩን የሚያሳይ አንድ ቁልፍና አንድ የብረት ማስመሪያ ይግዛ፤ ለፈለገ በፊርማ ያውስ።

«የሁላችን ገንዘብ ለምን ለባለመኪና ብቻ?» የሚል አይጠፋም። አንድ ሞተር ሲድን አንድ ቤት ይበላል፤ ያ ቤት ደሞ የእኛኑ መዋጮ ይከፍላል። የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ተነስቶ ይናገር። እናዳምጠዋለን።

የማህበሩ ጸሐፊ