ሁለት ጥርሴን ያስከፈለኝ የመሪ አንገት

ዛሬ የፍቅር ጥያቄ የለም፤ የብስክሌት ነው፡፡ (ፍቅርም ትንሽ አለበት፡፡) አንድ ወጣት ‹‹ሞባይሌን ሽጬ ለብስክሌቴ ያገለገለ የካርቦን የመሪ አንገት ልገዛ ነው፤ ጓደኛዬ ግን አብደሃል ትለኛለች፡፡ አንተስ?›› ሲል ጽፎልኛል፡፡

ወንድሜ፣ እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ፡፡ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ መሪው እጄ ላይ ቀረ! መሪውን ከፊተኛው ሹካ ጋር የሚያያዘው አንገት ቋ ብሎ ለሁለት ተከፈለ፡፡ እኔ በአንድ በኩል፣ ብስክሌቷ በሌላ በኩል፤ ሁለት የፊት ጥርሶቼም አስፋልቱ ላይ ቀሩ፡፡ አንገቱ አልሙኒየም ነበር፤ ከእኔ በፊት ስንቴ እንደወደቀ የማላውቀው ያገለገለ ዕቃ፡፡ ሠሪው ስብራቱን አይቶ ‹‹ግማሹ እኮ ጠቁሯል፤ ስንጥቁ የከረመ ነው›› አለኝ፡፡ ምን ዋጋ አለው፣ ካለፈ በኋላ!

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ብረት ክብደቱ ወደ አልሙኒየም ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ግን ቻይ ነው፡፡ ጫናው ከልኩ እስካላለፈ ሚሊዮን ጊዜ ብታንገላታው አይደክምም፤ ሲጎዳም ብዙ ጊዜ ጎብጦ ያስጠነቅቅሃል፡፡ አልሙኒየም ቂመኛ ነው፤ ጉድጓዱን ሁሉ ይቆጥራል፡፡ ያም ሆኖ ደህና ተሠርቶ ወፈር ካለ ዓመታት ያገለግላል፡፡ ካርቦን ደግሞ ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ጉልበቱ ጉድ ነው፤ መጨፍለቅና መመታት ግን አይወድም፡፡ ላዩ እያብረቀረቀ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፡፡ ያገለገለ ካርቦን ማለት ያለፈ ታሪኩን የሚደብቅ እጮኛ ማለት ነው፡፡

የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ እንዳይመስልህ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 በፓሪስ–ሩቤ ውድድር አሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ ኮብልስቶን ላይ ሲጋልብ፣ አንገቱ የሚታሰርበት የሹካው ቱቦ ተሰብሮበት ወደቀና ትከሻውን ተጎዳ፡፡ ያም አልሙኒየም ነበር፡፡

ደግሞስ ስንት ግራም ልታተርፍ? ከጥሩ አልሙኒየም ጋር ሲነጻጸር ከኮዳህ አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃ ብትቀንስ ያው ነው፡፡ ካርቦን ካማረህ የኮዳ መያዣውን አድርግ፤ ቢሰበር የሚፈሰው ውሃህ ነው፡፡

ለመሪው ግን አዲስ የአልሙኒየም አንገት ግዛ፡፡ ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቅ፤ ልኩ ብዙ ጊዜ አንገቱ ላይ ተጽፏል፣ 5 ወይም 6 ኒውተን ሜትር፡፡ ክፉኛ ከወደቅህበት ወይም ስንጥቅ ካየህበት ጣለው፤ ለሌላ ሰው እንዳትሸጠው አደራ! ሞባይልህንም አትሽጥ፤ ልጅቷ በምን ትደውልልሃለች?