«እናቶች ግንዛቤ የላቸውም» እያልን እስከ መቼ?



ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ወሬ በተነሳ ቁጥር ጥፋቱ ሄዶ የሚያርፈው እናት ላይ ነው። «ግንዛቤ የላትም» ይባላል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። አሶሳ ከተማ ተቀምጠህ ስልክህን የምትነካካው ወንድሜ፣ ሮታ ቫይረስ ምን እንደሆነ አንተስ ታውቃለህ? የእህትህ ልጅ ክትባቱን መውሰድ አለመውሰዱንስ?

ክትባቱ አገራችን የገባው በ2006 ዓ.ም. ነው። በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት፣ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በነጻ ይሰጣል። መርፌ አይደለም፣ በአፍ ነው። የፖሊዮ ጠብታም በዚያው ቀን ስለሚሰጥ እናት ሁለቱ አንድ መድኃኒት ቢመስሏት ምን ይገርማል? ማን ለይቶ ነገራት? የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ መንጌ ወይም ሆሞሻ ያለችው እናት ግን ቤቷ ውስጥ የምታወራው በርታኛ ነው። በማታነበው ፖስተር ፈተና ሰጥተን «ወደቀች» እንላለን። በመተከልና በከማሺ በግጭቱ ዓመታት ከቀዬዋ የተፈናቀለችውንማ ግንዛቤ የላትም ማለት ነውር ነው።

ተቅማጡ ሲመጣ ደግሞ «ጥርስ ሊያበቅል ነው» የምንለው እኛው ነን። ግግ ይነቀልለት፣ እንጥሉ ይቆረጥ የሚል አይጠፋም። ይህ የሕፃን ድድና ጉሮሮ በብረት ማቁሰል ነው፤ ተቅማጡ እንዳለ ይቀጥላል። ልጁን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚያልቀው ውሃ ነው። ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም፣ ይዝላል። ፋርማሲ ሮጦ አንቲባዮቲክ መግዛትም ዋጋ የለውም፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። የሚያስፈልገው ኦ.አር.ኤስ.፣ ዚንክና ሳይቋረጥ የሚጠባ ጡት ነው፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ።

«እኛ ንጹሕ ነን፣ እጃችንን እንታጠባለን» የሚሉም አሉ። መታጠቡ ጥሩ ነው፣ አይቅር። ነገር ግን ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት የቧንቧ ውሃ በማይጠፋባቸው ሀብታም አገሮች እንኳ አምስት ዓመት እስኪሞላው በሮታ ያልተያዘ ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። እርግጥ ክትባቱ ተቅማጥን ሁሉ አያስቀርም፤ ሌሎች ጀርሞች አሉ። የተከተበ ልጅም ሊያስቀምጠው ይችላል። የሚቀንሰው ያንን ሆስፒታል የሚያስተኛውን፣ የሚገድለውን ዓይነት ነው።

«አላህ ያለው ይሆናል» የሚለው መልስ ግን ያናድደኛል። ሰበብ ማድረስ የት ሄደ? ሐጅ የሚሄድ ሰው የማጅራት ገትር ክትባት እንዲወስድ ሳዑዲ ዓረቢያ ግዴታ አድርጋለች። አባቶቻችን ክንዳቸውን ሲሰጡ «ተወኩላችሁ ጎደለ» ያላቸው የለም። ለሐጅ የሚፈቀደው መከላከል ለስድስት ሳምንት ሕፃን ሲሆን በምን ሒሳብ ተወኩልን ይነካል?

ደግሞ ልጁ የእናቱ ብቻ ነው እንዴ? አቂቃ ላይ በጉን የሚገዛው አባት፣ ሥጋውን የምንበላው እኛ። ክትባት ሲሆን ግን ሕፃን አዝላ በፀሐይ የምትሄደው እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ አቂቃ ስትበሉ ከዚያው ላይ ቁጠሩ፤ ያ ሰባተኛው ቀን ነው፣ የመጀመሪያው ክትባት 35 ቀን ይቀረዋል። የኒፋሱ አርባ ቀን ካለፈ በኋላ ሁለት ቀን ማለት ነው። ስልክህ ላይ መዝግበው። ባጃጅ ያለህ ደግሞ የዚያን ቀን አንድ ምልልስ በነጻ አድርሳት፤ ሰልፉ ከረዘመም ወረፋውን ያዝላት።