ስንቁ ያለቀ ዕለት

የሄስቲንግስ ጦርነት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ፍላጻውን ነው። 70 ሜትር ገደማ በሚረዝመው የባዩ ጥልፍ ላይ አንድ ሰው ዓይኑ ላይ የተሰካ ፍላጻ ጨብጦ ይታያል፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ሃሮልድ ነው ይባላል። እኔ ግን ሃሮልድ የተሸነፈው ኦክቶበር 14 ቀን 1066 ሄስቲንግስ ላይ ሳይሆን፣ ከዚያ ከወር በላይ ቀደም ብሎ፣ አንድም ጠላት ባልደረሰበት የባሕር ዳርቻ ነው ባይ ነኝ።

የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንደሚመጣ ሃሮልድ ያውቅ ነበር። ክተት አውጆ በጋውን ሙሉ የደቡቡን ዳርቻ በእግረኛና በመርከብ አስጠበቀ። ክተቱን ሰምቶ የመጣው ግን ቤትና አዝመራ ያለው ሰው ነው። በ1086 የተዘጋጀው የዱምስዴይ መዝገብ የበርክሻየርን ደንብ ሲያስረዳ፣ «ሃይድ» በሚባለው የመሬት መለኪያ አምስት ሃይድ አንድ ወታደር ይልካል፤ ለቀለቡም ከየሃይዱ 4 ሽልንግ ይዋጣለታል ይላል። በጠቅላላው 20 ሽልንግ፣ ለሁለት ወር። ነፋስ ዊልያምን ወደብ ላይ አስሮት ሲያቆየው የተዋጣው ሁሉ ተበላ። ሴፕቴምበር 8፣ እነሱ የማርያምን ልደት በሚያከብሩበት ዕለት (የእኛ ልደታ ግንቦት 1 ነው)፣ ስንቁ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰዉን ሊያቆየው የቻለ ማንም እንዳልነበረ የዘመኑ ዜና መዋዕል ጽፏል። ሃሮልድ አሰናበታቸው። በ20ኛው ቀን ዊልያም ፔቨንሲ ላይ ሲወርድ ዳርቻው ባዶ ነበር።

ነገሩ አዲስ ፈተና አልነበረም። የዌሴክሱ ንጉሥ አልፍሬድ በ878 ቫይኪንጎች ድንገት ወርረውት ሶመርሴት ረግረግ ውስጥ ሲሸሸግ፣ የሚበላውን እንኳ የሚያገኘው ወጥቶ እየነጠቀ ነበር። ረሃብን ያየ ንጉሥ ነው። ኤዲንግተን ላይ ድል ካደረጋቸው በኋላ ሰራዊቱን ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹ ሲዘምት ግማሹ ቤቱ ይቆያል። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አልሠራም። በ893 ተረኞቹ ጠላትን አንዲት የወንዝ ደሴት ላይ ከበው ሳለ ጊዜያቸው ሞላ፣ ስንቃቸውም አለቀ፤ ንጉሡ ተተኪ ጦር ይዞ ገና መንገድ ላይ ሳለ ከበባውን ጥለው ሄዱ። አገሩን ያቆሙለት በየቦታው ያሠራቸው ምሽጎች ይመስሉኛል። የምሽግ ጠባቂዎች ከዚያ ተራ ውጭ ነበሩ። በልጁ ዘመን የተጻፈ ዝርዝር 30 ያህል ምሽጎችን ሲቆጥር፣ ለአምስት ሜትር ያህል ግንብ አራት ሰው ይመድባል፤ ለዊንቸስተር ብቻ 2,400። አንድ ንጉሥ ቁጭ ብሎ ግንቡን በሰው ቁጥር ሲያሰላ ሳስብ፣ ከፈረሱ ላይ ሰይፍ ከመዘዘው ንጉሥ ይልቅ ልቤ ወደዚህኛው ያደላል።

ሃሮልድ ጀግንነት አልጎደለውም። የኖርዌዩ ንጉሥ ሃራልድ ሃርድራዳ በ300 ያህል መርከብ በሰሜን ሲገባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ገስግሶ ሴፕቴምበር 25 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ደረሰበት። ሃርድራዳ ሞተ፤ ከጠላት ጋር የተሰለፈው የሃሮልድ የገዛ ወንድሙ ቶስቲግም ሞተ። የተረፉትን ለመመለስ 24 መርከብ በቃ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ሲመለስ ለምን ቸኮለ፣ ለምን ጦሩ እስኪሰበሰብ አልጠበቀም ብለው የሚወቅሱት አሉ። እኔ አልወቅሰውም። ያው ጥልፍ ከፍላጻው በፊት ሌላ ነገር ያሳያል። የዊልያም ሰዎች ከባሕር እንደወጡ ከብትና በግ ይነዳሉ፣ ሥጋ ይጠብሳሉ፤ የሱሴክስ ገበሬ ሲደክምበት የከረመው ለእነሱ ስንቅ ሆነ። ትንሽ አለፍ ብሎ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ላይ እሳት ይለኩሳሉ። ከቤቱ ሥር አንዲት ሴት የልጇን እጅ ይዛ ትወጣለች። ያ አገር የሃሮልድ አባት ርስት ነበር።